የቆዳ አልፊው ጨው

ኤቭራር ማንጀን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አርባ አምስቱን ዓመት ያሳለፈው በሴይ ወንዝ ዳር፣ አባቱ ባወረሱት የቆዳ ማልፊያ ግቢ ውስጥ ነው። ክንዶቹ የባሉጥ ቅርፊት በተዘፈዘፈበት ውሃ እስከ ክርን ድረስ ቡናማ ሆነው ቀርተዋል። እሁድ እሁድ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ ሚስቱ ክሎቲልድ የቱንም ያህል ሳሙና ብትፈጅ ቀለሙ አይለቅም። እሱም አፍሮበት አያውቅም። «የሬሳ ሳጥኔ ውስጥ ስገባም እንዲሁ ነኝ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ሙያዬን ሳይጠይቅ ያውቀዋል» ይላል።

ጎረቤቶቹ እሱን ይወዱታል፣ ጠረኑን ግን አይወዱም። ከሁሉም የምትብሰው ግድግዳ የምትጋራው ልብስ አጣቢዋ ባርብ ናት። ባርብ ጀርመንኛ ከሚነገርበት ከድንበሩ ኮረብታ ወርዳ ሜስ ከተማ ያገባች፣ ባሏ የሞተባት፣ ክንደ ወፍራም ሴት ናት። ያጠበችውን አንሶላ ባሰጣች ቁጥር ነፋሱ የኤቭራርን ግቢ ሽታ ይዞ ይመጣል። በግድግዳው ላይ ብቅ ትልና፣ «እኔ ሳነጣ አንተ ታገማለህ! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ!» ትላለች። ኤቭራርም ባርኔጣውን አንስቶ፣ «እንደምን አደርሽ ባርብ» ይላታል። ይህም የቀኑ መጀመሪያ ነው።

በ1870 እ.ኤ.አ. በነሐሴ መግቢያ፣ የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ገና ከድንበር ማዶ ሳለ፣ ከዲዮዝ የጨው ማውጫ የመጣ ጋሪ አራት በርሜል ሻካራ ጨው አራገፈለት። ቀለሙ ግራጫ፣ አፈርና ገለባ የተቀላቀለበት፣ ጥሬ ቆዳ እንዳይሸት የሚነሰነስ ጨው ነው። ክሎቲልድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በርሜሎቹን አየቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? ባሕር ልትሠራ ነው?»

«ረክሶ አገኘሁት።»

«የረከሰ ሁሉ ይገዛል እንዴ? ቅማልም እኮ ርካሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከከተማይቱ ደጃፍ ሦስት ትልልቅ ውጊያዎች ተደረጉ፤ የፈረንሳይ ጦር ቁስለኛውን እየጎተተ ከተማይቱን በሚያጥሯት ምሽጎች ክብ ውስጥ ገባ፤ ፕሩሲያኖችም መንገዱን ሁሉ ዘጉ። ከተማው ቢከፋውም ብዙ አልደነገጠም። ሜስ ለማንም ጉልበቷን አጥፋ አታውቅም ይባላል፤ ሰዉም «ድንግሊቱ» ይላታል። መቶ ሰባ ሺህ ወታደር ውስጧ ተቀምጦ ማን ይነካታል?

ከእነዚያ ወታደሮች አንዱ በነኤቭራር ቤት እንዲያርፍ ተመደበ። ሃምሳ አለቃ ሲልቨን ካስታኝ ይባላል፤ ፈረሰኛ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሰባት፤ የደቡብ ሰው ስለሆነ ቃላቱን እንደ ዘፈን ይጎትታል። ጢሙ በሰም ተጠቅልሎ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ከራሱ ነፍስ ቀጥሎ የሚወደው ጢሙን ይመስላል። ይሁን እንጂ ከጢሙም የሚያስበልጣት ነበረች፤ ኖዜት የምትባል ቀይ ባዝራ። እሷን በቅርፊት መጋዘኑ ውስጥ አሰረና እሱ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ለልጅ ተብሎ በተሠራና ልጅ ተኝቶበት በማያውቅ ክፍል ውስጥ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ክሎቲልድ የተቀደደ ካልሲውን ትሰፋለት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት «እማማ» ይላት ነበር።

መስከረም ሲጋመስ መኖ አለቀ። ፈረሶቹ የአደባባዩን ዛፎች ልጠው በሉ፤ አንዱ የሌላውን ጭራ አኘከ። ከዚያ በቀን በመቶ የሚቆጠሩ ፈረሶች ይታረዱ ጀመር፤ ከተማውም ሠራዊቱም የፈረስ ሥጋ በላ። የኖዜትም ተራ ደረሰ። ሲልቨን ለሌላ ሰው አልሰጣትም፤ ልጓሟን ይዞ ራሱ ወሰዳት። ተመልሶ ሁለት ቀን ሥጋ የሚባል በአፉ አልዞረም፤ ክሎቲልድ ጎመን ብቻ ቀቅላ ትሰጠው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ወደ ድስቱ ገፋ አደረገ።

«ጨምሪልኝ እማማ፤ ከሥጋውም። ኖዜት ብትሆን ኖሮ ‹ብላ አንተ ጅል› ነበር የምትለኝ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ በላ፤ ክሎቲልድም እንዳላየች ሆነች።

ለኤቭራር ግን፣ ለመናገር ቢያሳፍርም፣ የከበባው ወራት የሥራ ወራት ሆነ። የጦሩ ስንቅ ክፍል የታረዱትን ፈረሶች ቆዳ በጋሪ በጋሪ ያመጣለታል፤ ለቦት ጫማ፣ ለቀበቶ፣ ለኮርቻ አልፋልን ይለዋል። አባቱም አያቱም በሕይወታቸው ያን ያህል ቆዳ አላዩም። ቀኑን ሙሉ ይፍቃል፣ ጨው ይነሰንሳል፣ ይደራርባል። ማታ ወገቡን ይዞ ገበታ ይቀርባል፤ ሚስቱ የምትሰጠውን ሾርባ ጠጥቶ «ተመስገን» ብሎ ይተኛል። ከግቢው አይወጣም፤ ወሬም አይጠይቅም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የባርብ ምራት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ በጥቅምት የመጀመሪያው እሁድ ክርስትና ሊያስነሷት ሆነ። አባትየው ከምሽጎቹ ባንዱ ውስጥ በዘብ ላይ ነው። ባርብም ግድግዳው ላይ ብቅ ብላ፣ «እናንተም ኑ። አንተ ግን ታጠብ» አለች።

ኤቭራር ታጠበ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌው ቄስ እንደ ሥርዓቱ ጨው በሕፃኗ ምላስ ላይ ሊያኖሩ ከኪሳቸው ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በሁለት ጣታቸው ጫፍ አንዲት ቅንጣት አንስተው አቀመሷት፤ ወረቀቱን ሲያጥፉት ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ሕፃኗ ፊቷን አጨማደደች። ከኋላ የቆሙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና አንዷ፣ «ከሁላችን እሷ ታደለች» ብላ አንሾካሾከች። ኤቭራር ሰማ፣ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ስለ ጥምቀቱ ጸጋ መስሎት አሜን አለ።

ግብዣው በባርብ ቤት ነበር። የቤቱ ገበታ ስላልበቃ የልብስ መተኮሻው ሳንቃ ተጨመረ፤ የሰፈሩ ሰው ሃያ ያህል ሆኖ ተጨናንቆ ተቀመጠ። የፈረስ ሥጋ ከጎመንና ከድንች ጋር ተቀቅሎ ሽታው ያውዳል። ባርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኤቭራር በገዛ እጇ ቀዳችለት። እሱም ደስ ብሎት ማንኪያውን ሞልቶ ቀመሰና በሙሉ ድምፁ ሳቀ።

«ባርብ! አያት ስትሆኚ አእምሮሽን ሳትሽው እንዴ? ጨው ረስተሻል እኮ!»

ማንኪያ ሁሉ ባለበት ቀረ። ክሎቲልድ ከገበታው ሥር እግሩን ረገጠችው። ሲልቨን አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን ያጠና ጀመር።

ባርብ ጭልፋውን ይዛ ቆመች። ፊቷ ቀላ።

«ረሳሽ? ረሳሽ ነው የምትለኝ? በከተማው ሁሉ ጨው ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ ነው! እኛ የምንልሰው አጥተን አንተ ዓይንህን የምታጥብበት ተረፈህ መሰለኝ!»

አንዱ ሽማግሌ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የኤቭራርን ቀልድ አዋቂነት አደነቁ፤ ሆን ብሎ ያሾፈ መሰላቸው። እሱም አብሯቸው ሊስቅ ሞከረ። ግን ማንኪያውን አስቀመጠ። ዙሪያውን አየ፤ ጨው የሌለው ዳቦ፣ ጨው የሌለው ሥጋ። ሰዎቹ በዓል ስለሆነ ፈገግ እያሉ፣ እንደ ገለባ እያላመጡ ይውጣሉ። የባርብ ምራት፣ አራስ ሆና፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ሳህኑን አርቃለች። የእሱ ገበታ ግን አንድም ቀን አልጫ ሆኖ አያውቅም።

ቤት እንደገቡ በሩን ዘጋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ» አለች ክሎቲልድ።

«ከበርሜሉ? የቆዳውን ጨው? ፀጉር ያለበትን?»

«ፀጉር የለውም፤ በእሁድ ሸሚዝህ አጥልዬዋለሁ።»

«በእሁድ ሸሚዜ!»

«ታዲያ በምን ላጥልለው? በባርኔጣህ? ቀኑን ሙሉ እንደ በሬ ስትሠራ ውለህ አልጫ ላብላህ?»

ወደ ሲልቨን ዞረ። «አንተስ? ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር አባባ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ሾርባው እንዳይቀርብኝ ነዋ» አለ ሃምሳ አለቃው፤ እውነቱን ስለነበር ማንም አልተቆጣውም።

ኤቭራር ወደ ግቢው ወጣ። ሚስቱ መውሰዷ አላናደደውም፤ ያቃጠለው የራሱ አለማየት ነው። ሁለት በርሜል ሙሉ፣ አንድ ግማሽ የደረሰ ጨው ቀርቷል። ከጎኑ ገና ጨው ያልነካቸው ቆዳዎች ተከምረዋል። ጨው ካላገኙ በሦስት ቀን ፀጉራቸው ይረግፋል፣ በሳምንት ይተላሉ። አያቱ «ቆዳ ያስገማ አልፊ ስሙን ያስገማል» ይሉ ነበር። እሱም በዚህች ቃል ነበር የኖረው። አንዱ በርሜል ላይ ተቀምጦ ቆየ።

ሲልቨን መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ምን ታስባለህ አባባ?»

«ለጦሩ ቦት ጫማ ቃል ገብቻለሁ።»

«ይህ ጦር የሚያሸንፍ ከሆነ በአሮጌ ጫማም ያሸንፋል» አለ ሲልቨን፤ «የሚሸነፍ ከሆነም አዲስ ጫማ አድርጎ ይሸነፋል። ያቺ አራስ ግን ነገ መብላት አለባት።»

ኤቭራር ተነሳ። ወስኖ ነበር።

በማግስቱ ትልቁን የመዳብ ጋን ከግቢው አውጥተው አጠቡ። ጨውን በውሃ አሟሙተው አስረጉት፤ አፈሩ ሲዘቅጥ ላይኛውን ውሃ በድርብ ጨርቅ አጠለሉት፤ ደግመው አጠለሉት። ከዚያ የባሉጥ ፍልጥ አንድደው ውሃው እስኪተን አፈሉት። ከጋኑ ሥር የቀረውን ክሎቲልድ በማንኪያ ፍቃ አነሳችው። የአዲስ በረዶ ንጣት ባይኖረውም ጨው ነበር። ሲልቨን ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

ኤቭራር አንድ ሳህን ሞልቶ ወደ ባርብ ቤት ሄደ። ባርብ በሩን ከፍታ ሳህኑን አየች፤ ጣቷን ነክራ ላሰች። 

«ከየት?»

ነገራት። ሁሉንም፣ የሸሚዙንም ጭምር።

«እኔ ፊት ቀልድ አስመስለህ ተቀመጥክ!»

«አላወቅኩም ነበር ባርብ። እውነቴን ነው።»

«የማታውቅስ እንደሆንክ መልክህ ይናገራል» አለች። ከዚያ በሽርጧ ጠርዝ ዓይኗን ጠረገችና ወዲያው ወደ ሥራ ገባች። «አሁን ስማኝ። ይህ ወሬ ከወጣ ነገ ስንቅ ክፍሉ በርሜሉን ጭኖ ይሄዳል፤ ለጄኔራሎች ገበታ ይሆናል። ሰው ወደ አንተ ግቢ አይምጣ። ወደኔ ይምጣ። ልብስ ሊያሳጥብ የመጣ ማን ይጠረጥረዋል?»

እንዲህም ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ቅርጫት ይዘው ወደ ልብስ አጣቢዋ ይመላለሱ ጀመር፤ በታጠበው ልብስ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ አንድ እፍኝ ጨው ይዘው ይመለሳሉ። ቄሱ ካባቸውን ላኩ። አራሷ መብላት ጀመረች፤ ጡቷም ሞላ። በአደባባዩ ላይ ለቁስለኞች በተዘረጉት ድንኳኖች የሚያገለግሉ መነኮሳይትም አንሶላ ይዘው መጡ፤ ለነሱ ባርብ ቁና ሙሉ ሰጠቻቸው። አንድ ሰው ብቻ፣ ትምባሆ ሻጩ፣ ትዕግሥት አጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቋጠሮውን ሲልስ ባርብ አየችውና፣ «ሸሚዝህን ልትበላው ነው?» ብላ ጮኸችበት፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው።

ኤቭራር ከቆዳዎቹ የተሻሉትን ወደ ቅርፊቱ ጉድጓድ ከተታቸው። የቀሩትን ለስንቅ ክፍሉ መለሰ። ሊረከብ የመጣው ሹም ብዙ ጮኸበት፤ ኤቭራር ባርኔጣውን አውልቆ አዳመጠና፣ «ልክ ነዎት ጌታዬ፤ ስሜ ገማ» አለ። በሕይወቱ ሥራ አበላሽቶ እንደዚያ ቀን ልቡ ቀልሎት አያውቅም። ማታ ማታ በሰፈሩ ሲያልፍ ከየመስኮቱ ሰዎች «አባባ ማንጀን፣ ልብስዎ ደርቋል!» ይሉታል። እሱም ይስቃል።

ጥቅምት ግን ዝናብ ሆነ። ዳቦው ጠቆረ፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሞቱ፤ ትኩሳት ገባ። በወሩ መጨረሻ፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ አዛዦቹ ከተማውን፣ ጦሩን፣ ምሽጎቹን ከነመድፋቸው ለፕሩሲያኖች አስረከቡ። ወሬው ሲሰማ ሰዉ ወደ ካቴድራሉ ሮጦ ትልቁን የከተማይቱን ደወል ያዘ፤ ደወሉ እንደ ለቅሶ ሲደወል ዋለ። ኤቭራር ደጃፉ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ባርብም በግድግዳው ማዶ ታለቅስ ነበር።

ሲልቨን እኩለ ቀን ላይ በዝናብ በስብሶ መጣ። ጎራዴው የለም።

«ሰብሬ ሞዜል ወንዝ ውስጥ ጣልኩት» አለ። «ነገ ጠዋት ተሰልፈን እንወጣለን። ምርኮኛ ሆነን ወደ ጀርመን ነው አሉ። ልሰናበታችሁ ነው የመጣሁት።»

ክሎቲልድ ከወንበሯ ተነሳች። «የትም አትሄድም።»

«እማማ፣ ቢይዙኝ እናንተም ትቀጣላችሁ።»

«ማን ጠየቀህ? ኤቭራር፣ ንገረው እንጂ!»

ኤቭራር በዕድሜው አንድም ጊዜ ሕግ ጥሶ አያውቅም። ሃምሳ አለቃውን ከራሱ እስከ እግሩ አየው። ከዚያ ከግድግዳው አሮጌ የቆዳ ሽርጥ አወረደ።

«ልብስህን አውልቅ። ያንንም ጢም።»

«ጢሜን?» ሲልቨን በሁለት እጁ ሸፈነው። «አባባ፣ ጢሜን ተውልኝ!»

«ጢምህ ብቻውን ወደ ጀርመን ይሂድ» አለች ክሎቲልድ መቀሱን ይዛ።

ከዚያ ሲልቨን እንደ ኤቭራር ቡናማ እንዲሆኑ ክንዶቹን እስከ ክርኑ ቅርፊቱ ጉድጓድ ውስጥ ነከረ፤ ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ነከረ። የደንብ ልብሱን በምድጃ አቃጠሉት። ጓደኞቹ በጭቃና በዝናብ ተሰልፈው ሲወጡ እሱ ጉድጓዱ ዳር ተንበርክኮ ቆዳ ይገለብጥ ነበር፤ ከበሮውን ሲሰማ ቀና አላለም።

ከሳምንት በኋላ የተደበቀ ወታደር የሚያስሱ መጡ፤ አንድ የፕሩሲያ ሃምሳ አለቃና ሁለት ወታደሮች። ሰውዬው መሃረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ በግቢው ዞረ። የሲልቨንን ክንዶች አየ፤ የአልፊ ክንዶች ናቸው። ከዚያ «ና ወዲህ» ብሎ በእጁ ጠራው። ሲልቨን ሲራመድ የጀርመናዊው ዓይን እግሮቹ ላይ ቀረ። አሥር ዓመት ፈረስ የጋለበ ሰው እግር መጎበጡ አይቀርም። ሰውዬው በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ፤ ክሎቲልድ ባይገባትም ወደ ሲልቨን ጠጋ አለች።

ባርብ ያን ጊዜ ቅርጫቷን ታቅፋ ገባች። መግቢያው ላይ ሰምታ ኖሯል። በጀርመንኛ ጀመረች፤ እጇን እያወናጨፈች፣ ወደ ሲልቨን እየጠቆመች፣ ድምፅዋን ከፍ እያደረገች ቀጠለች። ሰውዬው መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ ፈገግ አለ፣ በመጨረሻም መሃረቡን ከአፍንጫው አንስቶ ከልቡ ሳቀ። የሲልቨንን ትከሻ መታ መታ አደረገና ወታደሮቹን ይዞ ወጣ።

 ሲልቨን ወደ ባርብ ዞረ።

«እትዬ ባርብ፣ ምን አልሽው?»

«‹ይህ ፈረሰኛ ነው› አለ። ፈረሰኛ? አልኩት፤ የክሎቲልድ የወንድም ልጅ ነው፤ በልጅነቱ አጥንቱ አልጠና ብሎ እግሩ ጎበጠ፤ ፈረስ ቢያይ ይሸሻል፤ ለመብላት ማንም አይቀድመው፣ ለሥራ ማንም አይከተለው፤ ሴት ዞር ብላ እስከማታየው ድረስ ይገማል አልኩት። እሱም ‹እኅቴ ቤት ልክ እንደሱ ያለ አለ› አለኝ።»

«ፈረስ ሲያይ ይሸሻል?» አለ ሲልቨን፤ ፊቱ ቀላ። «እኔን? ሌላውስ ይሁን፣ ይህቺን እንዴት ትያለሽ!»

ክሎቲልድ ቅርፊት ክምር ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባርብም ሳቀች። ኤቭራር ባርኔጣውን አነሳና፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልብስ አጣቢዋን ግራ ቀኝ ጉንጯን ሳማት። እሷም አፍንጫዋን ሳትይዝ ተቀበለችው።

ሲልቨን የብርዱን ወራት ሙሉ ከነሱ ጋር ሠራ። መጀመሪያ ለመደበቅ ያህል ነበር፤ በኋላ ግን እጁ ሥራውን ወደደው። ሰላም ወርዶ መንገድ ሲከፈት ወደ ደቡብ፣ ወደ እናቱ ሄደ። በየወሩ ይጽፍ ነበር፤ በአራተኛው ደብዳቤ ከወንዝ ዳር አሮጌ የቆዳ ማልፊያ መከራየቱንና አለቃ የሚሆንለት አልፊ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። ሜስ ወደ ጀርመን ተቀላቅላ፣ ፈረንሳዊ ሆኖ መቅረት የሚፈልግ ከተማውን እንዲለቅ ቀን ሲቆረጥ፣ ኤቭራርና ክሎቲልድ ብዙ አላመነቱም። ግቢያቸውን ከጦርነቱ ለተመለሰው የባርብ ልጅ ተዉለት። ባቡር ጣቢያ ድረስ ባርብ የልጅ ልጇን ታቅፋ ሸኘቻቸው፤ ልጅቱ በእግሯ መሄድ ብትችልም አያቷ አላወርድም ብላ ነበር። «አዲሷ ጎረቤታችሁ ማን እንደሆነች ጻፉልኝ፤ እንዳዝንላት» አለች።

ከሁለት ቀን ጉዞ በኋላ ሲልቨን ጣቢያው ላይ ጠበቃቸው። ጢሙን አሳድጎ፣ ሚስት አግብቶ ነበር። ክሎቲልድ ገና ከሠረገላው ሳትወርድ የሚስቱን የገፋ ሆድ አይታ እጇን ወደ ሰማይ አነሳች። ኤቭራር ግን መጀመሪያ ወንዙን አሳዩኝ አለ። እጅጌውን ሰብስቦ ውሃውን በቡናማ እጁ ጨለፈ፣ በጣቶቹ መካከል አሸው፣ ጠጣም።

«ለስላሳ ነው» አለ። «ከዚህ ጥሩ ቆዳ ይወጣል። ሰኞ እንጀምራለን።»